የተሠራውን ጡት ማን ይመዝነው?

ጥያቄ፦ በካንሰር ምክንያት የተወገደው የግራ ጡቴ በሲሊኮን መልሶ ከተሠራልኝ ስምንት ወር ሆኖኛል። ቀዶ ሐኪሜ ፎቶግራፎቹን ተመልክተው ውጤቱ በጣም ጥሩ መሆኑን ነግረውኛል፤ እኔ ግን ልብሴን ሳወልቅ ግራው ከቀኙ ከፍ ብሎ ይታየኛል። አለመርካቴ ምስጋና ቢስነት ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ምስጋና ቢስ አይደሉም፤ እርስዎና ሐኪምዎ የመዘናችሁት አንድ ነገር ላይሆን ይችላል። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ከፊትና ከጎን የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዘው የሁለቱን ጡቶች መጠን፣ ቅርጽና ከፍታ እንዲሁም የጠባሳውን ሁኔታ ያስተያያሉ፤ ከአንገት ሥር ካለው የደረት አጥንት ጫፍ እስከ ጡት ጫፍ ያለውን ርቀት በሁለቱም በኩል የሚለኩም አሉ። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ፎቶግራፍ የጡቱን ልስላሴ፣ የቆዳውን መደንዘዝ፣ ሲተኙ ወይም ክንድዎን ሲያነሡ ቅርጹ እንዴት እንደሚለወጥ አያሳይም። አንድን ፎቶግራፍ የተመለከቱ ባለሙያዎች እንኳ የተለያየ ደረጃ ይሰጡታል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው ብሬስት-ኪው የተባለው መጠይቅ ፍርዱን ለታካሚዋ ለራሷ የሰጠውም ስለዚህ ነው። ልብስ ለብሳም ሆነ ሳትለብስ በጡቷ ምን ያህል እንደምትረካ፣ አካላዊና ሥነ ልቦናዊ ደህንነቷ እንዴት እንደሆነ ጠይቆ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ያወጣል፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ከተሞላ ደግሞ ለውጡን ያሳያል። በእኔ እምነት የሐኪሙ ምዘና የእጅ ሥራውን ጥራት ሊነግረን ይችላል፤ ሕክምናው ለእርስዎ የታሰበለትን ማድረጉን ግን ያለ እርስዎ ቃል ማንም ሊወስን አይገባም።

የተተከለ ሲሊኮን በመጀመሪያዎቹ ወራት ከፍ ብሎ ቆይቶ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ጠባሳም ለመደብዘዝ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ይሁን እንጂ በስምንት ወር ጡቱ አሁንም ከፍ ብሎ ከቀረ፣ በተለይም ከጠነከረ ወይም ካመመዎት፣ በሲሊኮኑ ዙሪያ ሰውነት የሚሠራው የጠባሳ ሽፋን ተኮማትሮ ሊሆን ስለሚችል በእጅ መመርመር ያስፈልገዋል። ሐኪሞች ይህን መኮማተር ቤከር በሚባለው መለኪያ በአራት ደረጃ ይከፍሉታል፤ የጨረር ሕክምና በወሰዱ ሴቶች ላይም በብዛት ይታያል። ጡቱ ለስላሳ ሆኖ ልዩነቱ የቅርጽ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጤነኛውን ጡት በቀዶ ሕክምና ወደ ላይ ከፍ ማድረግ፣ ሲሊኮኑን ማስተካከል ወይም ከሌላ የሰውነት ክፍል የተወሰደ ስብ መሙላት ይቻላል።

በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ውጤቱ ጥሩ ስለመሆኑ ከመጠየቅ ይልቅ ከሐኪምዎ ጋር መስታወት ፊት ቆመው የሚከፋዎትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩአቸው።