የሚያተኩር፣ የሚከማች ወይስ የሚሰበሰብ መፍትሔ?

ጥያቄ፦ የሒሳብ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ርእስ በአማርኛ «በነጠላነት የተረበሹ ቀጥተኛ ያልሆኑ ሞላላ ሥርዓቶች የሚያተኩሩ መፍትሔዎች» ብዬ ጻፍሁት። ሒሳብ የሚያውቁትም የማያውቁትም አልገባንም አሉኝ። «የሚያተኩሩ» በሚለው ፈንታ «የሚከማቹ» ብል ይሻል ይሆን?

መልስ፦ ግሱን ከመለወጥዎ በፊት ከባዱን ችግር እንይ፤ እሱ ያለው በሰዋስዉ ላይ ነው። «የልጁ መጽሐፍ» እንላለን። ልጁ «የመጣው» በሚል ቅጽል ሲቀደም ግን «የየመጣው ልጅ መጽሐፍ» አንልም፤ ሁለት «የ» ሲገናኙ አንዱ ይዋጣልና «የመጣው ልጅ መጽሐፍ» ብለን እናልፋለን። አጭር ሐረግ ላይ ጉዳት የለውም። በእርስዎ ርእስ ውስጥ ግን ባለቤትነትን የሚያመለክተው «የ» «የተረበሹ» ውስጥ ተውጦ ሳለ፣ «ሥርዓቶች» ከሚለው ስም ቀጥሎ ወዲያው «የሚያተኩሩ» መጣ። አንባቢው ሥርዓቶቹን የድርጊቱ ባለቤት ያደርጋቸዋል፤ አተኳሪዎቹ ሥርዓቶቹ፣ የሚተኮርባቸውም መፍትሔዎቹ ይመስሉታል። አልገባንም ያሉዎት ሰዎች አልተሳሳቱም።

ወደ ግሱ እንምጣ። መፍትሔው የሚያደርገው ምንድን ነው? በእነዚህ እኩልዮሾች ከፍተኛ ደረጃ ያለውን ዴሪቬቲቭ (የለውጥ ፍጥነት መለኪያውን) የሚያባዛ ትንሽ አዎንታዊ ቁጥር አለ፤ ብዙውን ጊዜ ኤፕሲሎን የሚባል ትንሽ ቁጥር ካሬ ነው። ኤፕሲሎን ወደ ዜሮ ሲጠጋ መፍትሔው በአንድ ነጥብ ዙሪያ እንደ ሹል ጫፍ ይቆማል። የጫፉ ስፋት ከኤፕሲሎን ጋር አብሮ ይጠባል፤ ቁመቱ ግን አይጠፋም፣ ያለ ልክም አያድግም፤ ከነጥቡ ሲርቁ ዋጋው እጅግ ፈጥኖ ይወርዳል። የሒሳብ ሊቃውንቱ አንድሪያስ ፍሎር እና አለን ዋይንስቲን በ1986 እ.ኤ.አ. በአንድ ልኬት ለተጻፈው መስመራዊ ያልሆነ የሽሮዲንገር እኩልዮሽ (ሞገድን የሚገልጽ የፊዚክስ እኩልዮሽ) እንዲህ ያለ መፍትሔ መኖሩን አሳይተዋል፤ ጫፉ የሚቆመው የእምቅ ኃይሉ (በእኩልዮሹ ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚለያየው መጠን) ተዳፋት ዜሮ በሚሆንበት ነጥብ አጠገብ ነው።

«አተኮረ» ዓይን ወይም ልብ ላለው ነገር የሚነገር ስለሆነ አይስማማም። «ተከማቸ» ደግሞ ይባስ ያሳስታል። የሚከማች ነገር፣ ዕዳም ይሁን ቆሻሻ፣ በላዩ እየተጨመረበት የሚበዛ ነው፤ እዚህ ግን የሚጨመር የለም። ቁመቱ ባለበት ሆኖ ስፋቱ ስለሚጠብ፣ ጠቅላላ መጠኑ እንዲያውም ያንሳል። እኔ «ተሰበሰበ» እላለሁ። «ሰብሰብ ብሎ ተቀመጠ» ስንል አንድ ሰው እጅ እግሩን ወደ ራሱ ሳበ ማለታችን ነው፤ መፍትሔውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ታዲያ በነጠላ ቁጥር ይጻፉት። «የሚሰበሰቡ መፍትሔዎች» ካሉ መፍትሔዎቹ እርስ በርስ የሚገናኙ ይመስላል።

ለመገናኘቱም አማርኛ የተለየ መልክ አዘጋጅቶልናል፤ «ተሰባሰበ» ይላል። ይህም ሒሳቡን ያገለግላል፤ ብዙ ጫፎች በእምቅ ኃይሉ ከፍታ ዙሪያ ተጠጋግተው የሚቆሙበት መፍትሔ አለና እነርሱን «ተሰባሰቡ» ማለት ይቻላል። እኩልዮሾቹ ሁለት ሆነው ሲጣመሩ ደግሞ አያያዛቸው የሚሳሳብ ከሆነ የሁለቱ ጫፎች አንድ ቦታ ላይ ሊያርፉ፣ የሚገፋፋ ከሆነ ሊራራቁ ይችላሉ። እያንዳንዱ ተሰብስቦም ሁለቱ ላይሰባሰቡ ይችላሉ ማለት ነው። ይህን ልዩነት በአንድ ፊደል ለውጥ፣ «በ»ን «ባ» በማድረግ ብቻ፣ የሚያሳይ ቋንቋ ይዞ «ማተኮር» ላይ መቸንከር ያሳዝናል።

የእንግሊዝኛው «ሲንጉላር» ትርጉም ሆኖ የገባው «በነጠላነት» የሚለው ይውጣ፤ እዚህ የብዛት ጉዳይ የለም። 0.01ሀ² + ሀ − 1 = 0 የሚለውን ይውሰዱ። ሁለት መልሶች አሉት፤ አንዱ ወደ 0.99፣ ሌላው ወደ −100.99 ገደማ። በ0.01 ቦታ ዜሮ ቢገባ ግን ሀ = 1 ብቻ ይቀራል፤ ሁለተኛው መልስ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን እየራቀ ሄዶ ጠፍቷል። እኩልዮሹ ከሁለተኛ ደረጃ ወደ አንደኛ ወረደ እንጂ ጥቂት ተለወጠ አይባልም። በእርስዎም ሥርዓት ኤፕሲሎን ዜሮ ሲሆን ዴሪቬቲቩ ይጠፋል። ይህን ጠባይ የሚገልጽ የተለመደ የአማርኛ ቃል ስለሌለ «ሲንጉላር ፐርተርቤሽን» ብለው ይተዉት፤ «የተረበሸ» ከሆነማ አጽናኝ የሚያሻው እኩልዮሽ ይመስላል።

የቀሩት ቀላል ናቸው። «ቀጥተኛ ያልሆነ» ተዘዋዋሪ ማለት ስለሆነ «መስመራዊ ያልሆነ» ይበሉ። «ሞላላ» የቦታውን ቅርጽ ያስመስላል፤ «ኤሊፕቲክ» ግን የእኩልዮሹ ዓይነት ስም ነው፣ ቦታው አራት ማዕዘንም ሊሆን ይችላል። «ሥርዓተ እኩልዮሽ» እንደ «ሥርዓተ ነጥብ» ሁሉ ለጆሮ ይስማማል። እኔ ብሆን ርእሱን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «በሲንጉላር ፐርተርቤሽን ጊዜ፣ መስመራዊ ባልሆነ ኤሊፕቲክ ሥርዓተ እኩልዮሽ ውስጥ፣ በነጥብ ዙሪያ ስለሚሰበሰብ መፍትሔ»። «ውስጥ» የገባው ለጌጥ አይደለም፤ የተዋጠውን «የ» ሥራ የሚሠራው እርሱ ነው።