ጎረቤት «ሠራልኝ»፣ ባለሙያ «አልተረጋገጠም» ሲሉ

ጥያቄ፦ ቲማቲም የማመርተው ያለ ኬሚካል ነው። ጎረቤቴ ኮምፖስት በውሃ ዘፍዝፎ ያጠልልና ፈሳሹን ቅጠሉ ላይ ይረጫል። «ምርቴ እጥፍ ሆነ፣ በሽታም ጠፋ» ይላል። ማሳውን አይቻለሁ፣ እውነትም ያምራል። ባለሙያ ስጠይቅ ግን «በጥናት አልተረጋገጠም» ተባልኩ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ጎረቤትዎ የዋሸ አይመስለኝም። ያየውን ነው የነገረዎት። ግን ለውጡ ከምን መጣ? ምናልባት ዝናቡ ተስማምቶት ይሆናል። ምናልባት ዘር ቀይሯል። አዲስ ነገር የጀመረ ሰው ደግሞ ከማሳው አይጠፋም፤ አረሙን ቶሎ ይነቅላል፣ የታመመውን ቅጠል ቶሎ ይለቅማል። ሌላም አለ። ሰው አዲስ መላ የሚሞክረው ብዙውን ጊዜ ምርት ከከፋበት ወቅት በኋላ ነው። ከክፉ ወቅት ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ምንም ባይረጭበትም የመሻል ዕድሉ ሰፊ ነው። ረጭተው ምንም ያላገኙትማ ማን ያወራላቸዋል?

የባለሙያው መልስም ጎደሎ ነው። «አልተረጋገጠም» ማለት «አይሠራም» ማለት አይደለም። ይህ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ተሞክሯል፤ አንዱ ጋ በሽታ ሲቀንስ ሌላው ጋ ለውጥ አልታየም። ኮምፖስቱ ከምን እንደተሠራና እንዴት እንደተዘፈዘፈ ስለሚለያይ አይገርምም። «እጥፍ» የሚለውን ግን እኔም እጠራጠራለሁ።

የዓይን ምስክርነት ይናቅ እያልኩ አይደለም። ኬንያ ውስጥ ተመራማሪዎች ዴስሞዲየም የተባለውን የመኖ ተክል በበቆሎ መሃል የዘሩት አገዳ ቆርቁር የሚባለውን ተባይ ለመከላከል ነበር። ሳይጠብቁት አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረምም ቀንሶ አዩ። በዚያ አልቆሙም፤ በንጽጽር ፈተኑት። የዴስሞዲየም ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር አቀንጭራን እንደሚገታም አረጋገጡ።

ዓይን የማይዘው ልዩነትም አለ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከ1978 ጀምሮ ኦርጋኒክና መደበኛ እርሻ ጎን ለጎን ሲነጻጸሩ፣ በ21 ዓመታት የኦርጋኒኩ ምርት በአማካይ 20 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን የሚለየው ሚዛን ነው።

ስለዚህ እርስዎም ይሞክሩት። እኩል ስፋት ያላቸው 8 መደቦች ያዘጋጁ፤ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ሁለቱን ያጣምሩ። ከየጥንዱ የትኛው እንደሚረጭ በዕጣ ይለዩ። ራስዎ ከመረጡ ሳይታወቅዎት ለምለሙን መደብ ለሚረጨው ይሰጣሉ። ባልተረጨው ላይ በዚያው ሰዓት ያንኑ ያህል ንጹህ ውሃ ይርጩ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ከዚያ የውሃውን ጥቅም ለፈሳሹ ይሰጣል። ዘሩ፣ ኩትኳቶው፣ የመትከያ ቀኑ ሁሉ አንድ ይሁን። የዳር ረድፎችን ከቁጥር ያውጡ። በየለቀማው መዝነው ይጻፉ። የሚመዝነው ሰው የትኛው የተረጨ እንደሆነ ባያውቅ ደግሞ በጣም ጥሩ።

በአራቱም ጥንዶች የተረጨው ካሸነፈ ተስፋ ሰጪ ነው። ፈሳሹ ምንም ባይሠራ እንኳ እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ ከ16 ጊዜ አንዴ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በሌላ ወቅት ይድገሙት። ሁለት ለሁለት ከወጡ ግን እኔ ብሆን ጉልበቴን ኮምፖስቱን እንዳለ አፈሩ ውስጥ ለመጨመር አውለው ነበር።

አንድ ጥንቃቄ፦ በደንብ ያልተብላላ ፍግ የገባበት ፈሳሽ ጥሬውን በሚበላ ፍሬ ላይ አይረጭም። ሞላሰስ ወይም ስኳር ሲጨመርበት ጎጂ ጀርሞች ሊራቡበት ይችላሉ። ጎረቤትዎ ምን ምን እንደሚጨምርበት ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁት።