«ተነበየ» ወይስ «ገመተ»?

ጥያቄ፦ በጎንደር የጂኦሎጂ መምህር ነኝ። በ2015 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2023) ሻና ሞሪሰንና ባልደረቦቻቸው ስላሳተሙት ጥናት ለተማሪዎቼ አጭር ጽሑፍ ሳዘጋጅ «ተመራማሪዎቹ በቦታው ያልታወቁ ማዕድናት እንደሚገኙ በኮምፒውተር ተነበዩ» ብዬ ጻፍኩ። የሥራ ባልደረባዬ «ተነበዩ»ን ሰርዞ «ገመቱ» አደረገው። ግምት ሳይንሱን ያቃልለዋል ብዬ ተከራከርኩ። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ናቸው። ነገሩ ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ ስለሆነ ግን በአንድ መስመር አላልፈውም።

ጥናቱ የ5,478 ማዕድናትን መዝገብ ከ295,583 ቦታዎች ሰብስቦ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚገኝ አሰላ። ከዚያም በአንድ ቦታ የታወቁትን አይቶ የቀሩትን ጠቆመ፤ በካሊፎርኒያው የቴኮፓ ተፋሰስም ተፈተነ። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ የተጠቆመው ማዕድን ወደፊት የሚመጣ ነገር አይደለም። ተመራማሪው ሳይደርስ በፊት እዚያው ነበር። የጎደለው የሰው ዓይን ብቻ ነው።

ከራሳችን አገር ድንጋይ እንነሳ። የጎንደር ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ሲሰበር አንዳንዱ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ቅልጡ ዓለት ሲቀዘቅዝ ጋዝ የተዋቸው ናቸው። በኋላ ውሃ ሰርጎ ገብቶ ቀዳዳዎቹን በነጭ ማዕድን ይሞላቸዋል። በእንዲህ ያለ ቀዳዳ ዚዮላይትና ካልሳይት ያገኘ ባለሙያ «ካልሴዶኒም አይጠፋም» ቢል ምን አደረገ እንላለን? ገመተ እንላለን። የድሮው የአሥራት ገማች፣ ከእህል ግብር የሚተምነው ሹም፣ በማሳው ዳር ቆሞ፣ ያልታጨደውን እህል አይቶ «ይህን ያህል ዳውላ ይወጣዋል» ሲል እንደነበረው ማለት ነው። ገማች ምልክት ይዞ ይናገራል፤ ስለዚህም «ከምን ተነሥተህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ነቢይ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይቀርብለትም።

«ተነበየ» በግዕዝ ከስሙ ከ«ነቢይ» የተወለደ ግሥ ነው፤ ነቢይ ሆነ፣ የነቢይ ሥራ ሠራ ማለት ነው። «ነበበ» ከሚለው ጋር የሚያዛምዱት አሉ፤ ያኛው ግን ድርብ «በ» ያለው ሌላ ሥር ነው። የ«ነቢይ» ዘመዶች በዕብራይስጥም በዓረብኛም ይገኛሉ። ወደ አካድኛ፣ ወደ ጥንታዊው የባቢሎን ቋንቋ፣ ብንወርድ «ጠራ፣ ሰየመ» የሚል ፍቺ ያለው ግሥ እናገኛለን፤ በናቡከደነፆር ስም መነሻ ላይ የተቀመጠውን የባቢሎን የጽሕፈት አምላክ ናቡንም ብዙዎች ከዚሁ ሥር ያያይዙታል። በዚህ ሁሉ መንገድ ስሌት የሚል ፍቺ አንድም ቦታ አይገጥመንም።

«ነቢይም እኮ የተሰወረውን ይገልጣል፤ የወደፊቱን ብቻ አይናገርም» የሚሉ አሉ። ጠንካራ መከራከሪያ ነው። ሳሙኤል ስለ ጠፉት የሳኦል አባት አህዮች ነግሮታል፤ እዚያው ምዕራፍ ላይም ነቢይ ቀድሞ ባለ ራእይ ይባል እንደነበር ተጽፏል። ነገር ግን ሳሙኤል የአህያ ኮቴ ተከትሎ አልደረሰበትም። ኮቴ ተከትሎ የሚደርስበት ገማች ነው።

የራሴን ስሜት ደግሞ አልደብቅም፤ «ኮምፒውተሩ ተነበየ» የሚለው ለጆሮዬ ይጎረብጠኛል። የባሕረ ሐሳብ (የበዓላት ቀመር) ሊቃውንት መጥቅዕና አበቅቴ የሚባሉትን ቁጥሮች ይዘው ገና ያልመጣውን ፋሲካ ያወጣሉ እንጂ ይተነብያሉ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

እርስዎ «ግምት ያቃልለዋል» ያሉት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። «በግምት» ማለት «በጭፍን» ማለት እየሆነ ሄዷል፤ የቀን ገቢ ግምት የመጣበት ነጋዴማ ቃሉን በበጎ አያነሳውም። ስለዚህ ብቻውን ከሳሳብዎ «በስሌት ገመቱ» ይበሉ፤ ስሌቱ ክብሩን ይመልስለታል። «ትንበያ» የሚለው ስም ግን ከእጃችን ወጥቷል። የአየር ሁኔታ ትንበያን በየዕለቱ የሚሰማ ሕዝብ ቃሉን ከነቢያት ለይቶታል፤ «ትንቢት»ን ለሃይማኖት፣ «ትንበያ»ን ለባለሙያ ማከፋፈሉም ብልህ ክፍፍል መሆኑን ሳልወድ እቀበላለሁ። በርዕስዎ ላይ «ትንበያ» ብለው ቢጽፉ አልሰርዝብዎትም። ግሡን ግን እሰርዛለሁ።

ባልደረባዎ ያለፉት ሌላ ስሕተት አለ፤ ከዚህ ይብሳል። «ያልታወቁ ማዕድናት» ሲሉ ተማሪው ሳይንስ ገና ስም ያላወጣላቸውን ይረዳል። ጥናቱ የሚለው ግን ስማቸውና ጠባያቸው የታወቀ፣ በዚያ ቦታ ግን ገና ያልተገኙ ማዕድናትን ነው። እኔ ብሆን ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ አቀናዋለሁ፦ «ተመራማሪዎቹ በቦታው እስካሁን ያልተገኙ ማዕድናት እንደሚኖሩ ከተጓዳኞቻቸው ተነሥተው በስሌት ገመቱ።»