«እስሩ እኮ አላለፈም» ያለችኝ ተማሪ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ በእንግሊዝኛ ‹ሃዝ› እና ‹ሃድ›ን እንዴት ነው የምለያቸው?» አለች። ፈተና ደርሶባታል። የማውቀውን ነገርኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሌላ ልጅ ትዝ አለችኝና ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥር 1998 ዓ.ም. ነው። ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሰባ ተማሪ አለ፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። በዚያ ወር ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በአፍሪካ በምርጫ ፕሬዚዳንት የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ዜናውን የሰማሁት አባቴ በተወልኝ ትንሽ ሬዲዮ ነው። እንግሊዝኛ ያስተማረችኝ ያቺ ሬዲዮ ናት ብል ማጋነን አይሆንም።

ጠዋት ክፍል ገብቼ ሕይወታቸውን በፈረንጅ አቆጣጠር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። በ1938 ሞንሮቪያ ተወለዱ። በ1979 የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በ1985 ታሰሩ። በ1997 በምርጫ ተሸነፉ። በ2006 ፕሬዚዳንት ሆኑ። «በሉ፣ በእንግሊዝኛ ጻፉት» አልኩ።

ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። እጇን አውጥታ አታውቅም። ያን ቀን አወጣች። ተነስታ አነበበች፦ «ሺ ሃዝ ቢን ኢን ፕሪዝን ኢን 1985»።

«ስህተት ነው» አልኳት። «ዓመቱ ከተጠቀሰ ‹ሃዝ› አይገባም፤ ‹ዋዝ› ነው።»

አልተቀመጠችም። «ቲቸር፣ እስሩ እኮ አላለፈም። አሁንም አብሯቸው ነው ያለው። የተመረጡትም ለዚህ ነው» አለች።

«እዚህ የምንማረው ሰዋስው ነው፤ ቁጭ በይ» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ተቀመጠች። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጇን አላወጣችም። አሥረኛ ክፍል ስትቀር ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ልጅቷ የነገረችኝ የ‹ፕረዘንት ፐርፌክት›ን፣ ማለትም ‹ሃዝ› የሚገባበትን የግስ ጊዜ፣ ልብ ነበር። ነገሩ አልፏል፣ ከዛሬ ጋር ግን አልተቆራረጠም። እኔ ስንት ዓመት በሰንጠረዥ ያላስረዳሁትን በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው። ስህተቷ የመጣው ከአማርኛችን ነው። «በ1985 ታስረዋል» ብንል ማንም አይቆጣንም። እንግሊዝኛ ግን ‹ሃዝ›ን ካለፈ ዓመት ጋር አያስቀምጥም። ዓመቱን ብታወጣው ኖሮ ትክክል ነበረች። ይህን ለመንገር አምስት ሰከንድ ይበቃኝ ነበር።

እናንተ የዛሬ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ አነጋገር ከእኛ ትበልጣላችሁ፤ ፊልም እያያችሁ ነው ያደጋችሁት። ሁለት አንቀጽ ጻፉ ስትባሉ ግን ስልካችሁ እንዲጽፍላችሁ ትፈልጋላችሁ። ይሄ ያሳስበኛል። ሽምደዳውን ተዉት። የምታከብሩትን ሰው ሕይወት ያዙና በእጃችሁ ጻፉት። ዓመት ካለው «ሺ ሎስት ኢን 1997» በሉ። ሁለት ያለፉ ነገሮች ሲገናኙ የቀደመው ‹ሃድ› ይይዛል፦ «ሺ ሃድ ሎስት ዋን ኢሌክሽን ቢፎር ሺ ዋን»። «ከማሸነፋቸው በፊት ተሸንፈው ነበር» እንደምንለው ማለት ነው። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን»ን ግን ሸምድዱ። ለእሱ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

የእህቴ ልጅ ትናንት ደብተሯን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ስለ ሰርሊፍ ሰባት ዓረፍተ ነገር ጽፋለች። አንዱ ላይ ‹ሃዝ› እና 1997 አንድ ላይ ተቀምጠዋል። ደወልኩላትና ለምን እንደዚያ እንደጻፈችው ጠየቅኳት።