ጉልበቴን እያመመኝ መራመድ አለብኝን?
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት ሁለቱንም ጉልበቶቼን፣ በተለይም ቀኙን፣ ያመኛል። ጠዋት ስነሣ ለጥቂት ደቂቃዎች ተሳስሮ ይቆይና ይለቀኛል፤ ደረጃ ስወርድና ከበርጩማ ስነሣ ግን ሕመሙ ይብሳል። ራጅ ከተነሣሁ በኋላ ሐኪሙ ኦስቲዮአርትራይቲስ (የመገጣጠሚያ ልም አጥንት የሚሳሳበት ሕመም) መሆኑን ነግሮኝ ማስታገሻ አዘዘልኝ፤ በእግሬ መንቀሳቀስንም እንዳላቆም መከረኝ። ልጆቼና ጎረቤቶቼ ደግሞ «ያለቀ ጉልበት በጉዞ ይብሱን ያልቃል፤ ቁጭ ብለሽ እረፊ» ይሉኛል። ስራመድ ስለሚያመኝ እኔም የእነሱ ምክር ትክክል ይመስለኛል። ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ በስተቀር ከቤት መውጣት ካቆምኩ ወራት አልፈዋል፤ ክብደቴም ጨምሯል። ማንን ልስማ?
ወ/ሮ ት.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ወ/ሮ ት.፣ ሐኪምዎን ይስሙ። ልጆችዎም ሆኑ ጎረቤቶችዎ የሚናገሩት ስለሚወዱዎትና ስለሚሰጉልዎት ነው፤ ይሁንና ይህ ምክር ብዙ እናቶችንና አባቶችን ከቤት ያስቀረ፣ ሕመማቸውንም ያባባሰ ነው። ኦስቲዮአርትራይቲስ ላለበት ሰው በልክና በሜዳማ ስፍራ አዘውትሮ በእግር መጓዝ የሕክምናው ዋና ክፍል ነው፤ ማስታገሻው የሚረዳውም በአብዛኛው ይህን ለማድረግ እንዲያስችልዎት ነው።

ምክንያቱን በዝርዝር ላስረዳዎት። ካርቲሌጅ የሚባለውና የአጥንቶችዎን ጫፍ የሸፈነው ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። እግርዎ መሬት ሲረግጥ ልም አጥንቱ ተጨምቆ በውስጡ ያለውን ፈሳሽ ይለቃል፤ እግርዎን ሲያነሡ ደግሞ ፈሳሹን ከነምግቡ መልሶ ይስባል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የማይንቀሳቀስ ጉልበት ምግቡ ይጓደልበታል። ከዚህም ሌላ ልም አጥንት የሕመም ነርቭ ስለሌለው፣ ሲራመዱ የሚሰማዎት ሕመም በዚያች ሰዓት ጉልበትዎ እየተሸረፈ ስለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሕመሙ የሚመነጨው ከልም አጥንቱ ሥር ካለው አጥንት፣ መገጣጠሚያውን ከውስጥ ከሚያለብሰው ስስ ሽፋን፣ እንዲሁም በዙሪያው ካሉት ጅማቶችና ጡንቻዎች ነው። በራጅ ሲታይ ጉልበታቸው በጣም የተጎዳ ሆኖ ብዙም የማያማቸው ሰዎች አሉ፤ ራጃቸው ደህና መስሎ ክፉኛ የሚሰቃዩም አሉ።

የጡንቻው ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት ይገባል። ሲራመዱም ሆነ ደረጃ ሲወርዱ በጉልበትዎ ላይ የሚያርፈውን ጫና ተቀብሎ የሚያለዝበው በጭንዎ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ጡንቻ ነው። ሰው ሕመም ፈርቶ ሲቀመጥ ይህ ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይደክማል፤ ጡንቻው ሲደክም ጫናው በቀጥታ መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል፤ ሕመሙም ስለሚጨምር ሰውየው ይብሱን ይቀመጣል። እርስዎ በገለጹት ሁኔታ ላይ የክብደት መጨመርም ታክሎበታል። የጉልበት ኦስቲዮአርትራይቲስ ባለባቸው ከፍተኛ ክብደት ያላቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሰውነት ክብደት አንድ ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። እንግዲህ አምስት ኪሎ እንኳ ቢቀንሱ በቀን ውስጥ በሚራመዷቸው ሺህ እርምጃዎች ሁሉ ጉልበትዎ ምን ያህል እንደሚቀለው ያስቡት።

ጉዞ ጉልበትን ይጨርሳል የሚለው ስጋት በጥናት ተፈትሿል። በአሜሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ 439 የጉልበት ኦስቲዮአርትራይቲስ ታማሚዎችን በሦስት ከፍሎ ለ18 ወራት ተከታትሏል። አንዱ ቡድን በእግር እንዲጓዝ፣ ሌላው የጡንቻ ማጠንከሪያ እንዲሠራ፣ ሦስተኛው ስለ ሕመሙ ትምህርት ብቻ እንዲያገኝ ተደረገ። የተንቀሳቀሱት ሁለቱ ቡድኖች ትምህርት ብቻ ካገኘው ይልቅ ሕመማቸው ቀንሶ፣ የዕለት ተግባራቸውም ተሻሽሎ ተገኘ፤ ለእርስዎ ጥያቄ ትልቁ መልስ ግን የራጁ ውጤት ነው፤ የተጓዙት ሰዎች ጉልበት ካልተጓዙት የበለጠ ተጎድቶ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሌላ ጥናትም 50 ዓመት የሞላቸውንና ያለፉ ከ1,200 በላይ ታማሚዎችን ተመልክቶ፣ ለእንቅስቃሴ ብለው በእግር በሚጓዙት ላይ አዲስ ተደጋጋሚ የጉልበት ሕመም የመከሰት ዕድሉ በ40 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ አግኝቶታል። የእግር ጉዞ የሳሳውን ልም አጥንት መልሶ እንደማያበቅል፣ የሕመም ቅነሳውም መጠነኛ እንደሆነና በሳምንታት እንጂ በቀናት እንደማይታይ ግን አስቀድመው ይወቁ፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ውጤቱን በሁለት ቀን ጠብቆ ነውና።

አጀማመሩን በተመለከተ፣ ለወራት ተቀምጠው ስለቆዩ በርቀት ሳይሆን በደቂቃ ይለኩ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ በቂ ነው፤ አሥሩም ከከበደዎት በአምስት ይጀምሩ። የሚከተሉት መለኪያ ይህ ይሁን፦ ከዜሮ እስከ አሥር ባለው መጠን ሕመምዎ ከአራት ወይም ከአምስት ካልበለጠና በማግሥቱ ወደ ቀድሞው ደረጃ ከተመለሰ ጉዞው ልክዎ ነው፤ በማግሥቱም ብሶ ከዋለ ወይም ጉልበትዎ ካበጠ የተጓዙበትን ጊዜ በግማሽ ያህል ይቀንሱት እንጂ ጨርሰው አይተዉት። ካልባሰ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ደቂቃ ይጨምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ወራት ቢወስድብዎት አይጨነቁ፤ ከዚያ በታች የሆነውም ይጠቅማል።

ስለ ቦታው ልዩ ምክር አለኝ፤ ምክንያቱም አዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። ጉልበት የታመመ ሰው ዳገትን ይፈራል፤ ይበልጥ የሚጎዳው ግን ቁልቁለቱ ነው። ሰውነት ሲወርድ የጭኑ ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደቱን መያዝ ስላለበት በጉልበት ቆብና በጭን አጥንቱ መካከል ያለው ጫና ይጨምራል። ስለዚህ ከአራት ኪሎ በቤተ መንግሥቱ በኩል ወደ መስቀል አደባባይ በእግር መውረድን ለጊዜው ይተዉት። በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ወርደው ከመስቀል አደባባይ ወደ ስታዲየምና ወደ ለገሃር ባለው ደልዳላ መንገድ ላይ ይጓዙ፤ መልሱንም በታክሲ ይምጡ። በአደባባዩ ደረጃዎች ላይ ማለዳ ሲሮጡ የሚያዩዋቸውን ወጣቶች ግን አይከተሉ፤ ደረጃው ለእርስዎ ጉልበት የሚሆን ልምምድ አይደለም። ከሰፈርዎ መራቅ ካልፈለጉም የኮሪደር ልማቱ ባሰፋቸው የአራት ኪሎና የፒያሳ የእግረኛ መንገዶች ላይ ደልዳላውን ክፍል መርጠው መመላለስ ይችላሉ። በክረምት የመንገዱ ንጣፍ ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት፣ ዝናብ ባለበት ቀን በፎቅዎ ኮሪደር ላይ ሰዓት ይዘው ይመላለሱ። ጠዋት ብርዱ መገጣጠሚያዎን የሚያስረው ከሆነ ፀሐይ ወጥታ ጥቂት እስክትሞቅ ይጠብቁ።

ሸበጥና ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ለጉዞ አይሆኑም፤ ሶሉ ለስላሳ ሆኖ እግርን አጥብቆ የሚይዝ ስኒከር ያድርጉ። የቤትዎን ደረጃ ሲወጡ ደህናውን እግር፣ ሲወርዱ የባሰበትን እግር ያስቀድሙ፤ የደረጃውንም ድጋፍ ይያዙ። ቡና ሲፈላም ከበርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ቤተ ዘመድ ቅር ይለዋል ብለው አይጨነቁ። ከጉዞው በተጨማሪ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ከዚሁ ከፍ ካለ ወንበር ላይ እጅዎን ሳያስደግፉ አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ መነሣትና መቀመጥ የጭንዎን ጡንቻ ያጠነክረዋል።

ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄዱ ስለነገሩን ስለ ስግደትም ልጨምር። ወድቆ መነሣት ለታመመ ጉልበት ከባድ ነው፤ ሕመምዎን ለንስሐ አባትዎ ቢነግሯቸው በአቅምዎ የሚሆነውን ያዝዙልዎታል። ረጅም ቅዳሴ ላይም መቋሚያ ተደግፎ መቆምና በየመካከሉ ማረፍ ከዚህ ምክር ጋር አይጋጭም።

ማስታገሻን በሚመለከት፣ ጉልበት ላይ የሚቀባው የዲክሎፌናክ ቅባት በአፍ ከሚወሰደው ክኒን ይልቅ ለሰውነት ቀለል ያለ ነው። እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉት ክኒኖች ጨጓራን ሊያቆስሉ፣ ኩላሊትን ሊጎዱና የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ ስለሚችሉ፣ ግፊት፣ ስኳር ወይም የጨጓራ ሕመም ካለብዎት ከፋርማሲ በራስዎ እየገዙ ለወራት መዋጥ የለብዎትም።

በመጨረሻም ጉልበትዎ በድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳት ካለዎት፣ እግርዎን መርገጥ ካቃተዎት፣ ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎት ከሆነ፣ ወይም የጠዋቱ መተሳሰር ከግማሽ ሰዓት በላይ መቆየት ከጀመረ ጉዞውን አቁመው ሐኪም ጋ ይሂዱ። ሲራመዱ ደረትዎን የሚጨምቅ ሕመም ከተሰማዎትም ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ። ልጆችዎን ደግሞ ከዚህ በኋላ «እረፊ» ከሚሉዎት ይልቅ በሳምንት ጥቂት ቀን አብረውዎት እንዲጓዙ ይጠይቋቸው፤ አብሮ የሚሄድ ሰው ያለው ታማሚ ጉዞውን በቀላሉ አያቋርጥም።

ጥያቄ፦ አባቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ የግራ ዳሌያቸው መገጣጠሚያ ኦስቲዮአርትራይቲስ እንዳለበት በምርመራ ታውቋል። ከፒያሳ ቤታችን ተነሥተው በእግራቸው ወደ መስጊድ መሄድ ይወዳሉ። ከዘራቸውን የሚይዙት በታመመው በግራ በኩል ነው፤ ሆኖም ሲመለሱ ያነክሳሉ። ጉዞውን ላስቀራቸው?
አ.፣ ከፒያሳ

መልስ፦ አያስቀሯቸው፤ ከዘራውን ግን ወደ ቀኝ እጃቸው ያዛውሩት። ብዙ ሰው የታመመውን ጎን ለመደገፍ ብሎ በዚያው በኩል ይይዛል። ከዘራ የታመመውን ዳሌ የሚያሳርፈው በተቃራኒው እጅ ተይዞ ከታመመው እግር ጋር አብሮ ወደ ፊት ሲሄድ ነው። ቁመቱም ወሳኝ ነው፤ አባትዎ ጫማቸውን አድርገው ቀጥ ብለው ሲቆሙና እጃቸውን ወደ ታች ሲለቁ የከዘራው እጀታ ከእጃቸው አንጓ እኩል መሆን አለበት። በየቤቱ ያሉት የእንጨት ከዘራዎች አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ስለሚረዝሙ አናጢ ዘንድ ማሳጠርና ጫፉ ላይ የማያንሸራትት ጎማ ማስገባት ያስፈልጋል። ከማዘጋጃ ቤቱ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የሚወስደው መንገድ ረጅም ቁልቁለት ስለሆነ በዚያ በኩል ባይሄዱ እመርጣለሁ። መስጊድ ሲደርሱ ደግሞ መንበርከክና መደፋት የሚያሳምማቸው ከሆነ በወንበር ላይ ሆኖ መስገድ ለታመመ ሰው የተፈቀደ መሆኑን እርሳቸውም ያውቁታልና፣ እርስዎ ከሚወተውቷቸው ይልቅ ኢማሙ ቢያስታውሷቸው ቃሉ ይከብዳል። የዳሌ ሕመም ወደ ብሽሽት፣ አንዳንዴም ወደ ጉልበት ስለሚዘልቅ «አሁን ደግሞ ጉልበቴ ጀመረኝ» ቢሉዎት ለሐኪማቸው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ የ48 ዓመት ሠራተኛ ነኝ። ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር በእግሬ ስሄድ ጉልበቴ ይንቋቋል፤ ሕመም ግን የለኝም። ልቀንስ?
ዳ.፣ ከሜክሲኮ

መልስ፦ አይቀንሱ። ሕመምና እብጠት የሌለበት የመገጣጠሚያ ድምፅ ብቻውን የጉዳት ምልክት አይደለም፤ በጤነኛ ሰዎችም ላይ በብዛት ይሰማል። ድምፁ ከሕመም ጋር መምጣት ከጀመረ፣ ወይም ጉልበትዎ እየተቆለፈ አልዘረጋ ካለና ሲቆሙ ከከዳዎት በአጥንት ሐኪም ይታዩ።