ከማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በፊት

ለኮምቦልቻና ለደሴ ወጣት የሥራ ኃላፊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ፀጉሬ የሸበተው ኮምቦልቻ ውስጥ፣ በጨርቃ ጨርቅና በልብስ ስፌት ሥራ ላይ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ገና በሃያዎቹ ያላችሁ ልጆች ፈረቃ ስትመሩ አያለሁ፤ ደስም ይለኛል። የሠራተኛን ጥፋት በጊዜ ስለመንገር ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ሠራተኛን የሚያበላሸው ቁጡ አለቃ ነው ሲባል እሰማለሁ። በእኛ አገር ያየሁት ግን ዝም የሚለውን ነው። ወሎዬ ይሉኝታ ይይዘዋል። አለቃው አንዷ ሠራተኛ የምትገጥመው እጅጌ ስፌቱ እየተጨማደደ ወር ሙሉ ያያል። ሲያልፍ ግን «አይዞሽ፣ በርቺ» ይላታል። የምዘና ቅጽ ሲመጣ ዝቅተኛ ነጥብ ይሞላል። ከዚያ ደብዳቤ። እሷም «በርቺ ሲለኝ አልነበር እንዴ?» ብላ ታለቅሳለች። እውነቷን ነው!

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። አዲስ ገቢዋ ጥፋቷን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካልሰማች መቼ ልታርመው ነው?

አነጋገሩ ከባድ አይደለም። ጥራት ተቆጣጣሪው የመለሰውን ልብስ ያዙና ከመስመሩ ገለል አድርጓት። «እህቴ፣ ይሄ እጅጌ እዚህ ጋ ተጨማድዷል። ምን አስቸገረሽ?» በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። መርፌው ደንዝዞ ወይም ክሩ ከልክ በላይ ተወጥሮ ሊሆን ይችላል። ሳትጠይቁ «ሰነፍ ነሽ» ካላችሁ የማሽኑን ጥፋት በልጅቷ ላይ ጫናችሁ። ጥፋቱ የእጇ ከሆነም አንዱን እጅጌ አብራችሁ ስፉ፤ ከምክር ሁሉ ይሄ ይሻላል።

አባት የሚሆናችሁ መካኒክ ሲያጋጥም ብዙዎቻችሁ ትፈራላችሁ። በአንቱታ ንገሩት እንጂ አትለፉት። «ጋሼ፣ ትናንት የጠገኑት ማሽን ዛሬም ክር እየበጠሰ ነው፤ አብረን እንየው?» ቢባል ማን ይቀየማል?

ሰዓትም ምረጡ። በረመዳን ከሰዓት በኋላ፣ ዓርብ ወደ ጁምዓ ሊወጣ ሲል፣ ወይም በሁዳዴ ገና እህል ላልቀመሰ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ አይነሳም። ፈረቃ ሲያልቅም አይሆንም። ሰርቪስ ሊያመልጣት ነው፤ ምን ትሰማለች?

ሰውን ስብሰባ ላይ አስነስቶ መገምገም የሚባለውን ልማድ እኔ አልወደውም። ሰው ፊት የቆመ ራሱን ሲከላከል ይውላል፤ የተባለውን አይሰማም። ምስጋናውን ግን ሰው ፊት አድርጉት። እሱም ቢሆን «ጎበዝ» ብቻ አይበቃም፤ ምኑን እንዳሳመረችው ጨምሩበት።

ከነገራችኋት በኋላ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ተመልሳችሁ እዩ። ተስተካክሎ ከሆነ ያኔውኑ ንገሯት። ብዙ ኃላፊ ይህችን ይረሳል። ካልተስተካከለ ድገሙ፤ የተነጋገራችሁትንም ከነቀኑ በደብተር ያዙ። ሕጉም ሠራተኛ ችሎታ አጣ የሚባለው፣ የኅብረት ስምምነቱ ሌላ ካላለ፣ በየጊዜው በሚደረግ ምዘና ሲረጋገጥ ነው ይላል። ቅጹን ልትሞሉ ስትቀመጡ ያንን ደብተር ክፈቱት። አለበለዚያ የስድስት ወሩን ሥራ ትታችሁ ባለፈው ሳምንት ባናደደቻችሁ ነገር ነጥብ ትሰጣላችሁ።