«እስክነጻ ድረስ አልቆርብም»

ጥያቄ፦

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ፣ አሁን በሂሳብ ሠራተኛነት የምተዳደር፣ ያላገባሁ ልጅ ነኝ። ጸሎት ጀምሬ ሐሳቤ ከሄደ «ይህ ጸሎት አይደለም» እልና እንደገና ከ«በስመ አብ» እጀምራለሁ። እንደገና ይሄዳል፤ እንደገና እጀምራለሁ። የማክሰኞን ውዳሴ ማርያም ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆምኩበት ጠዋት አለ፤ ሥራም አርፍጄ ገባሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዳዊቱን፣ ስግደቱን፣ የጸሎቱን ሰዓት ሁሉ በደብተር ጽፌ እጀምርና አንድ ቀን ካጎደልኩ ደብተሩን ዘግቼ እተወዋለሁ። ባለፈው ዓርብ ቢሮ ውስጥ የልደት ኬክ ቀርቦ ቀኑን ረስቼ ጎረስኩ፤ ከዚያ «በቃ ተበላሽቷል» ብዬ ምሳ ላይ ሥጋ በላሁ። ለንስሐ አባቴ ያንኑ ቁጣና ያንኑ ሐሜት ደጋግሜ መናገር አሳፍሮኝ መሄድ ትቻለሁ። ከቆረብኩ ዓመታት አልፈዋል። ካህኑ በቅዳሴ «ንጹሕ ያልሆነ አይቀበል» ሲሉ ለእኔ የተናገሩ ይመስለኛልና እስክነጻ እየጠበቅኩ ነው። ጓደኛዬ «ራስሽን አታስጨንቂ» ትለኛለች። ግን ጌታ «ፍጹማን ሁኑ» ብሎ የለ? ቀለል አድርጌ ብይዘው ግዴለሽነት አይሆንብኝም?

መልስ፦

እኅቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ከጻፍሽው ሁሉ ያሳሰበኝ ከቍርባን መራቅሽ ነውና ከዚያ ልጀምር።

የፈራሽው አዋጅ በቅዳሴያችን አለ፤ የዋዛም አይደለም። ነገር ግን ካህኑ «ንጹሕ ያልሆነ አይቀበል» ብሎ ዝም አይልም። ስለ ማን እንደሚናገር እዚያው ይገልጻል፤ በልቡ ቂም የያዘ፣ በዝሙትም ምክንያት ልዩ ሐሳብ ያለበት ሰው እንዳይቀርብ ያስጠነቅቃል። የሚከለከለው ቂሙን እንደታቀፈ፣ ኃጢአቱን ሳይተው፣ ንስሐ ሳይገባ በድፍረት የሚመጣው ነው። «ውዳሴ ማርያም ሲደግም ሐሳቡ ወደ ገበያ የሄደበት አይቅረብ» የሚል ቄስም ዲያቆንም እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም።

ቅዳሴው ሳያልቅ ደግሞ ሌላ ቃል ትሰሚያለሽ። ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» ይላል። ሕዝቡ ምን ብሎ ይመልሳል? «አዎ፣ ቅዱሳን ነንና ስጡን» አይልም። «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ» ብሎ ቅድስናውን ለባለቤቱ ይሰጣል። ከመቀበሉ በፊትም የመቶ አለቃውን ቃል ይዞ «ከቤቴ ጣሪያ በታች ልትገባ አይገባም» የሚል ጸሎት ይጸልያል፤ ይህን ጸሎት ካህኑም ይጸልየዋል። በሥርዓታችን ውስጥ «ይገባኛል» ብሎ የሚቆርብ ሰው የለም። አንቺ ግን ይገባኛል የምትዪበትን ቀን እየጠበቅሽ ነው። እኔ የምፈራልሽ ያ ቀን የመጣ እንደሆነ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ሳይገባው የሚበላውን አስጠንቅቆ ሲያበቃ የሰጠውን ትእዛዝም ልብ በዪው፦ «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ» (1ኛ ቆሮ. 11፥28)። ራሱን ይፈትንና ሳይበላ ይቅር አላለም፤ ይፈትንና ይብላ ነው ያለው። አንቺ የመጀመሪያውን ለዓመታት ስታደርጊ ቆይተሽ ሁለተኛው ጋ አልደረስሽም።

ወደ ጠቀስሽው ጥቅስ ልምጣ። ማቴዎስ 5፥48ን ብቻውን ቆርጠሽ ይዘሽዋል፤ እስቲ ከቁጥር 43 ጀምረሽ አንብቢው። ጌታ እዚያ የሚያስተምረው ጠላትን ስለ መውደድ ነው። የሰማዩ አባት በክፉዎችና በበጎዎች ላይ ፀሐይን እንደሚያወጣ፣ በጻድቃንና በኃጢአተኞች ላይ ዝናብን እንደሚያዘንብ ከተናገረ በኋላ ነው «እንግዲህ» ብሎ ወደ ፍጽምናው የሚመጣው። ቅዱስ ሉቃስ ይህንኑ ትምህርት ሲጽፈው «አባታችሁ ርኅሩኅ እንደ ሆነ ርኅሩኆች ሁኑ» ይለዋል (6፥36)። እንግዲህ ማታ ደብተርሽን ዘርግተሽ ስንት እንዳጎደልሽ ከምትቆጥሪ፣ «ያቺን ያስቀየመችኝን የሥራ ባልደረባዬን ዛሬ በምን ዓይን አየኋት?» ብትዪ ለጥቅሱ ትቀርቢያለሽ። ይህኛው ይከብዳል፤ ደብተር ላይ ምልክት ማድረግማ ማን ያቅተዋል? እንዳትቀየሚኝ እንጂ፣ ስለ ጸሎቱ አጀማመር ብዙ ጽፈሽ ቁጣውንና ሐሜቱን በአንዲት ሐረግ ነው ያለፍሻቸው። ጭንቀት እንዲህ ነው፤ ትንሹን አግዝፎ እያሳየ ትልቁን ይጋርዳል።

ሙሴ ጸሊምን መቼም ታውቂዋለሽ፤ ከሽፍትነት ወደ ምንኩስና የመጣው፣ ኢትዮጵያዊ መሆኑ የሚነገርለት፣ ሰኔ 24 ቀን የምናስበው አባት። የመነኮሳትን ዜና የጻፈው ጰላድዮስ እንደተረከው፣ ሙሴ በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ ሳለ የዝሙት ሐሳብ በሕልሙ ሳይቀር ይዋጋው ነበር። ምግቡን ቀነሰ፣ ሥራውን አበዛ፣ ጸሎቱን ጨመረ፤ አልለቀቀውም። 6 ዓመት ሙሉ ሌሊቱን ቆሞ ዓይኑን ሳይከድን ጸለየ፤ አሁንም አልለቀቀውም። በዚያ ላይ ሌላ ጨመረ። ውኃው ከበዓታቸው ሩቅ ስለነበር፣ ሄደው መቅዳት የማይችሉትን የአረጋውያን መነኮሳት እንስራ በሌሊት እየወሰደ ይሞላላቸው ጀመር። አንድ ሌሊት ከጕድጓዱ አፍ ጎንበስ እንዳለ ጋኔን በዱላ መትቶ ጣለው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ታመመ።

በዚህ ጊዜ መንፈሳዊ አባቱ አባ ኤስድሮስ ምን እንዳለው ታውቂያለሽ? «ሰባተኛ ዓመት ጨምር» አላለውም። ከአጋንንት ጋር መታገሉን እንዲተው፣ ለጀግንነትም ልክ እንዳለው ነገረው። ሙሴም ሕልሙ ሳይተወኝ አልተውም አለ፤ «እስክነጻ ድረስ» ማለቱ ነው፤ ያንቺው ቃል። አባ ኤስድሮስ ግን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ሕልሙ ከዚህ ወዲያ እንደማይመጣ አስታውቆት፣ ሳይፈራ ቀርቦ እንዲቆርብ አዘዘው። ያን ያህል ዘመን መፈተኑም «በራሴ ኃይል አሸነፍኩ» ብሎ እንዳይመካ መሆኑን አስረዳው።

ታሪኩ ጾምና ስግደት ከንቱ ናቸው አይልም። ሙሴ እንስራ መሙላቱ ፍቅር ነበር፤ አባ ኤስድሮስም አልነቀፈበትም። ንጽሕናን በጥረቱ ብዛት የሚገዛ መስሎት መቆየቱን ነው የገሠጸው። ደግሞም ሙሴ ትእዛዙን የሰማው ከመንፈሳዊ አባቱ አፍ ነው፤ አንቺ የሸሸሽው ሰው ማለት ነው።

«ግዴለሽነት አይሆንብኝም?» ላልሽው፣ እስካሁን የሄድሽበት መንገድ የት እንዳደረሰሽ እዪ። አንድ ጉርሻ ኬክ የሥጋ ምሳ ሆነ። አንድ የጎደለ ቀን ጾሙን ሁሉ አስጣለሽ። አንድ ሐፍረት ከንስሐ አባትሽ ለየሽ። ግዴለሽነት የምትፈሪው ነገር በ«ወይ ሙሉ ወይ ምንም» በኩል አስቀድሞ ገብቷል። ረስቶ የጎረሰ ሰው አፉን ተጉመጥምጦ ጾሙን ይቀጥላል። ለንስሐ አባትሽ በዋናነት የሚነገረው ኬኩ ሳይሆን ዓርብ መሆኑን እያወቅሽ የበላሽው ምሳ ነው። ጓደኛሽም «አታስጨንቂ» ማለቷ መልካም ነው፤ «አትናዘዢ፣ አትጹሚ» ማለቷ ከሆነ ግን አትስሚያት።

ያንኑ ኃጢአት ደጋግሞ መናገር ስላሳፈረሽ ነገር፦ ቅዱስ ጴጥሮስ በቀያፋ ግቢ ሰው ፈርቶ ካደ። አልቅሶ ተመለሰ፣ ትንሣኤውን አየ፣ በበዓለ ሃምሳ መንፈስ ቅዱስን ተቀበለ። ከዚያ ሁሉ በኋላ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሲመጡ ከማዕድ ተለየ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ምክንያቱን ሲጽፍ «ፈርቶ» ይላል (ገላ. 2፥12)። ያው የድሮው ድካም፣ ያው ሰውን መፍራት! በአደባባይ ተገሠጸበት እንጂ ከሐዋርያነቱ አልወረደም። እኛም ሊቀ ሐዋርያት እያልን እንጠራዋለን። ካህንም ቢሆን አዲስ ኃጢአት ለመስማት አይደለም የተቀመጠው። አፍሽ ከተያዘ በወረቀት ጽፈሽ ሂጂና ፊቱ አንብቢው፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ ተናዝዘሽ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» የተባለልሽን ያለፈ ኃጢአት «በደንብ አልተናገርኩት ይሆናል» እያልሽ መልሰሽ አታምጪው። አዲስ የወደቅሽበትን ብቻ ተናገሪ።

ጸሎቱን በሚመለከት፣ ሐሳብሽ መሄዱን ያወቅሽ ጊዜ ካለሽበት መስመር ቀጥይ። ወደ ኋላ አትመለሺ፤ «በስመ አብ» አንድ ጊዜ ተብሏል፣ እግዚአብሔርም ሰምቶታል። የሥራ ሰዓት ከደረሰ «አባታችን ሆይ» ብለሽ ዝጊና ውጪ፤ የመሥሪያ ቤትን ሰዓት መብላትም በንስሐ የሚነገር ነገር ነው። የጾሙን ዝርዝርም ብቻሽን አትጻፊ። በየቴሌግራሙ «በዐቢይ ጾም ይህን ያህል ዳዊት፣ ይህን ያህል ስግደት» የሚል ሰሌዳ ሲዞር አያለሁ፤ ለጓጓ ሰው ደግ ይመስላል። ላኪው ግን በስንት ሰዓት እንደምትነሺ፣ ጤናሽ እንዴት እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ማንን እንደምታስታምሚ አያውቅም። የንስሐ አባት ቀኖና የሚሰጠው የሰውየውን አቅም አይቶ ነው። ምናልባት ከደብተርሽ ሩቡን ብቻ ያዝዝሽ ይሆናል። «ይህማ ትንሽ ነው» ብለሽ የራስሽን አትጨምሪበት፤ ለአንቺ ከሁሉ የሚከብደው ስግደት እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መደጋገሙ በጸሎት ብቻ ነው? በር መዘጋቱን ደጋግሞ ማየት፣ እጅ ደጋግሞ መታጠብ፣ ያላደረግሽውን «አድርጌ ይሆን?» እያሉ መብሰልሰል ካለበት፣ ይህ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ፣ ሕክምናም ያለው ሕመም ሊሆን ይችላል። የእምነት ማነስም የጸሎት ጉድለትም አይደለም። ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብረው፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል። ጠበሉን ሳትተዪ የአእምሮ ሐኪም ማየት ትችያለሽ፤ ለንስሐ አባትሽም ንገሪው፣ ቀኖናውን ሲሰጥሽ ያስብበታል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሂጂ። ቁጣውን፣ ሐሜቱን፣ የዓርቡን ምሳ፣ ለዓመታት መራቅሽንም ንገሪው። ቂም የያዝሽበት ሰው ካለ ከመቁረብሽ በፊት ታረቂ፤ አዋጁ በእርግጥ አንቺን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። ንስሐው፣ ቀኖናው፣ ከቍርባን በፊት ያለው የ18 ሰዓት ጾም እንደ ሥርዓቱ ይፈጸማሉ። ከተፈጸሙ በኋላ ግን «ገና ነኝ» ብለሽ ሌላ መስፈርት ከራስሽ አታውጪ። ቀኑን የሚወስነው የንስሐ አባትሽ ነው፤ እኔ ከዚህ ሆኜ ልቆርጥልሽ አልችልም። «ቅረቢ» ካለሽ ቅረቢ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።